ልጅ የሌለበት ሰፈር

አዳማ ውስጥ ሁለት ሰፈር ኖሬያለሁ። አንደኛው መሀል ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ጀርባ ነው። ሁለተኛው ከተማው አለቀ ከተባለበት ትንሽ አልፎ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በሁለት ባጃጅ ይደረሳል፤ ሁለተኛው ባጃጅ ቦረቦሩ ጋ ሲደርስ ይቆምና ሾፌሩ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው፣ ማዘር» ይላል። ቦረቦሩን የቆረጠው ክረምት ክረምት ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ ነው። በበጋ አቧራ ይሄድበታል፣ በክረምት ጎርፍ፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ይሄድበታል።

ልጆቼን ያሳደግሁት በመጀመሪያው ሰፈር ነው። እዚያ የክትባት ካርድ የጠፋባት እናት የፊት ጥርሷ እንደወለቀ ሙሽራ ነበር የምትታየው። ጤና ጣቢያው ከመንገዳችን ጫፍ ላይ ነው። ነርሶቹ እኛን በመልክ፣ ልጆቻችንን በለቅሷቸው ያውቁናል። አንድ ጊዜ ቲማቲም ስመርጥ አንዷ ነርስ ከጎኔ ሽንኩርት እየመረጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ያቺ ልጅ ዘጠኝ ወሯ አለፈ እኮ» አለችኝ። በነጋታው ወሰድኳት። ጎረቤቴ ደግሞ የልጆቿን ካርድ ከቤቷ ካርታ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ትቆልፈው ነበር። ያኔ ይሄ ሁሉ የእናት ትጋት ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ትጋት ነው፤ ግማሹ ቤቱ ያለበት ቦታ ነው። ይሄን ለማወቅ ሰፈር መቀየር ነበረብኝ።

የአባቴ ቤት ለወንድምና ለእህት ሲከፋፈል በድርሻዬ፣ ከተማው ዳር ላይ፣ ቦታ ገዛሁ። ፊት ለፊት ለራሴ ሁለት ክፍል፣ ጀርባ ደግሞ ሦስት ሰርቪስ ቤት ሠራሁ። ሰርቪሶቹን አከራያለሁ፤ ኑሮዬ እሱ ነው። በረድፉ ሰባት ግቢ ነን። ሁላችንም ፊቱን እንኖርበታለን፣ ጀርባውን እናከራያለን። ውሃ የሚመጣልን በአንድ መስመር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ። ከላይ ያለው ግቢ ሮቶውን ሲሞላ ከታች ያለው ቧንቧውን እያየ ይጸልያል።

በመጀመሪያው ዓመት ስለ ውሃው ተሰበሰብን። የተሰበሰብነው እኔ ቤት ነው። ሁሉም ያጉረመርማል፣ መላ የሚያመጣ ግን ጠፋ። እኔ አመጣሁ። «ልጅ ያለው ተከራይ አናስገባ» አልኩ። «ውሃውን የሚጨርሰው የልጅ ልብስ ነው። ሽንት ቤቱም ቶሎ የሚሞላው በዚያው ነው።» ሦስት ልጅ አጥቤ ያሳደግሁ ሴት ይሄን እንዴት እንደተናገርኩ አሁን ይገርመኛል። ያኔ ብልህነት ነበር የመሰለኝ፤ ሁሉም «እውነቷን ነው» አሉ። ደላሎቹም ወዲያው ተማሩት። ቤት ፈላጊ ሲመጣ «ባልና ሚስት ብቻ፣ ልጅ የሌላቸው። ካላችሁ ወደዚያ አልወስዳችሁም» ይላሉ።

እንግዲህ ወደኛ ሰፈር የሚመጣው ማን ነው? ግንበኛው፣ ጫኝና አውራጁ፣ በየሆቴሉ ሳህን የምታጥበዋ፣ ከመቂና ከዓለም ጤና ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት። ሁሉም መውለጃ ዕድሜያቸው ላይ ያሉ ናቸው። ልጅ የሌለው ተከራይ ስንል በከተማው ውስጥ የሌለ ሰው ነበር የምንፈልገው። እነሱም «የለንም» እያሉ ገቡ።

ከተከራዮቼ አንዷ ከዓለም ጤና ናት። ባሏ መቂ ላይ የሽንኩርት መኪና ይጭናል፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል። እሷ ለአንድ እህል ነጋዴ ምስር ትለቅማለች፤ ጆንያው በጋሪ ይመጣላታል፣ ለቅማ ስትጨርስ ይወሰዳል። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው። ሲቸግራት በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፣ እኔም እሰማታለሁ። ጨዋ ልጅ ናት። አንድ ነገሯ ብቻ ነበር የሚያስቸግረኝ፦ ሬዲዮኗ። ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል።

«አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ አይሰማም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ይቅርታ እትዬ፣ ብቻዬን ስሆን ይጨንቀኛል።»

«ቢጨንቅሽስ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ዜና ታሰሚያለሽ?»

ሳቀች። ቀነሰችው። እኔ ዞር ስል መልሳ ጨመረችው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ገመድ ላይ፣ ከነጠላዋ ሥር ተደብቃ የተሰጣች፣ መሐረብ የምታህል ቁራጭ ጨርቅ አየሁ። በሌላ ቀን ደግሞ መዳፌን የማትሞላ ካልሲ። አየሁ፤ ያየሁትን ግን አላየሁም አልኩ። ካወቅሁ ላስወጣት ነው፤ ደንቡ የወጣው ከኔ አፍ ነው። ካላወቅሁ ትቀመጣለች። ስለዚህ ላለማወቅ ወሰንኩ። ደግነት መስሎኝ በልቤ ትንሽ ኮርቼም ነበር።

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀጠን ያለች፣ ፈጣን ልጅ ናት። በረዶ ያለበትን የክትባት ሣጥን በትከሻዋ አንግታ፣ በእጇ ጠመኔ ይዛ ነው የምትዞረው። የተሰጣት ቤት በአንድ ሰው እግር የሚዳረስ አይደለም። እኔ በሬ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም እዚያው ነኝ።

«እትዬ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?»

«የለም።»

«በጀርባስ?»

«በረድፉም የለም። ደንባችን ነው።»

«ወይ መታደል! እንደናንተ ያለ ሰፈር ቢበዛልኝ እግሬ ባረፈ።»

ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ መረቀችኝ። በቆርቆሮ በሬ ላይ ቀኑንና አንድ ዜሮ ጻፈች። ከዚያ ከበር በር እያለች፣ ሳታንኳኳ፣ ሌላ ስድስት ዜሮ ጻፈች። ለምን ገብታ አላየችም የሚል ሰው ይኖራል። አንዲት ትልቅ ሰው በሯ ላይ ተቀምጣ «የለም» ካለች በኋላ አልፎ መግባት «ውሸታም ነሽ» ማለት ነው። በኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም፤ ያውም ውሃ ላጠጣ ሰው። ሬዲዮው ከጀርባ ይጮኽ ነበር።

ወር ያህል ቆይቶ ከኔ አራተኛው ግቢ ውስጥ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ኩፍኝ ያዘው። ያ ግቢ በሩ ላይ ዜሮ የተጻፈበት ነው። እናትና አባቱ እንደ ልማዱ አደረጉ። መስኮቱን ጋረዱ፣ ልጁን ሸፋፈኑት፤ ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ መርፌ ከነካው በሽታው ወደ ውስጥ ይገባል ስለሚባል ሐኪም ዘንድ አልወሰዱትም። ለመውሰድም በበሩ ማለፍ ነበረባቸው። ትንፋሹ ሲያጥረው አባትየው በጠራራ ፀሐይ ታቅፎት ወጣ። አከራይዋ ልጁ በግቢዋ መኖሩን ያወቀችው ያኔ፣ ሲወጣ ነው። ከሆስፒታል በሕይወት አልተመለሰም። ቀብሩ ላይ ከእናቱ ቀጥላ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

ከቀብር ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ጀርባ ሄጄ አንኳኳሁ። ተከራዬ በሩን በትከሻዋ ልክ ብቻ ከፈተችልኝ።

«ልጁ ስንት ወሩ ነው?» አልኳት።

«የምን ልጅ፣ እትዬ?»

«የኔ እናት፣ አሁን ጊዜ የለንም።»

«ልጅ የለኝም። ስገባም ነግሬዎታለሁ።»

«ቀሚስሽን እይው።»

ዝቅ ብላ አየችው። ደረቷ በግራ በኩል በወተት ርሷል። ከዚያ በሩን ለቀቀችው።

ሴት ልጅ ናት። ከአልጋው ጀርባ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እኔን ስታይ በትንሽ እጇ የራሷን አፍ ያዘች። ከእናቷ እጅ የተማረችው ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

«አስር ወሯ ነው» አለች እናትየው። «ያስወጡኛል?»

«ተከትባ ታውቃለች?»

«ስትወለድ፣ እዚያው ዓለም ጤና፣ ክንዷን ወግተዋታል። ከዚያ ወዲህ የለም።»

«ለምን አልወሰድሻትም? የዚህ ሰፈር ጤና ጣቢያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።»

«በር ላይ እርስዎ አሉ» አለች። ልትነቅፈኝ ፈልጋ አይደለም። መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ ነበር የምታስረዳኝ።

ከዚያ ዋናውን ነገረችኝ። እኔ ገበያ ስሄድ፣ ሌሎቹም አከራዮች ወደየጉዳያቸው ሲበተኑ፣ የረድፉ እናቶች በጀርባው አጥር በላላው ቆርቆሮ በኩል ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ። የአንዷን ልጅ ሌላዋ ትይዝላታለች፤ በየተራ ሥራቸውን ይሠራሉ። «ያ የሞተው ልጅ» አለች፣ «እዚህ ጆንያ ላይ ከሷ ጋር ሲጫወት ነበር። ሌሎቹም ነበሩ። ጊፊራው ገና ሳይወጣበት፣ ትኩሳት ብቻ እያለው።» ኩፍኝን በኦሮምኛ ጊፊራ ይሉታል።

በነጋታው ጠዋት ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ልጅቷ በእናቷ ጀርባ ላይ፣ ከነጠላው ሥር ናት። ነርሷ አዳመጠችን። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ሳትከፍት እጇን በላዩ ላይ አሳረፈች።

«እማማ፣ የኩፍኙ ብልቃጥ ለአስር ልጅ ነው። አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይሆንም። ለአንድ ልጅ ከፍቼ የዘጠኙን ልድፋው?»

«መሀል ከተማ እኮ በየቀኑ ይከፍቱታል።»

«እዚያ በየቀኑ አስር ልጅ ይመጣላቸዋል። እኛ ጋ ቀን ቆርጠን ነው፤ እሱም ልጅ ከተገኘ። ከናንተ ረድፍማ ልጅ የለም ነው የተባልነው።»

ግድግዳው ላይ የአካባቢው ካርታ ተለጥፏል፤ የኛ ረድፍ በአረንጓዴ ተቀብቷል። አረንጓዴ ያለቀ ማለት ነው። የድሮ ሰፈሬን ካርታ ባየው እሱም አረንጓዴ እንደሚሆን ታወቀኝ። አንደኛው ልጆቹ ስለተከተቡ፣ ሌላው ልጆቹ ስለተደበቁ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀለሙ አንድ ነው።

«ወይ በባጃጅ ወደዚያ ውሰዷት» አለች ነርሷ፣ «ወይ ደግሞ እስከ ስምንት ሰዓት አስር ልጅ አምጡልኝ፤ ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ።»

እኔ የታየኝ የባጃጁ መንገድ ነበር። አንዲቱን ይዤ ልሮጥ። እናትየው ግን በጣቷ መቁጠር ጀምራለች። ከኛ በላይ ሁለት፣ መንትዮቹ፣ ከጡረተኛው ግቢ ሦስት። «አስር እንሞላለን፣ እትዬ። እንዲያውም እንተርፋለን» አለች። «እኔ ለብቻዬ አስከትቤ ብመለስ የሌሎቹስ? ነገ አብረው ናቸው። እኔ ስሠራ ማን ይይዝልኛል?» ሰዓቱን ጠየቅሁ። አራት ሰዓት ሆኗል።

እናቶቹን እሷ ታውቃለች፣ አከራዮቹን እኔ። ስለዚህ እኔ በፊት በር፣ እሷ በጀርባ አጥር ሆነን ጀመርን። የመጀመሪያዋ አከራይ ገና «ልጅ» ስል ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ደንቡን ያወጣሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሁኑ ነው የምትዪን?»

«በኔ ቤት አንድ አለች። አስር ወሯ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዳኛዋ ራሷ ሌባ አስጠግታ!» ሳቀችብኝ፤ የሚያስቅም ነበር። «በኔ ግቢ ግን የለም። እኔ እንዳንቺ አልታለልም።»

ይሄን ስትል ተከራይዋ መንትዮቿን ግራና ቀኝ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። ከመንትዮቹ አንዱ አከራይዋን ከእግር እስከ ራሷ አያትና «እማዬ፣ የምንደበቀው ከሷ ነው?» አለ። አከራይዋ ዞረች። መቆጣት አምሯት ነበር፤ ግን ቀብሩ የትናንት ነው። «ጫማ እንኳ አታደርጊላቸውም?» አለችና ገባች። ተመልሳ ስትወጣ የልጅ ልጆቿን አሮጌ ጫማ ይዛለች።

ጡረተኛው አከራይ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ነገሩን ገና ሳልጨርስላቸው ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «እኔ ምንም አላየሁም» አሉ። «አላየሁም፤ ቶሎ ቶሎ ይለፉ ብቻ።» ሦስት ልጆች ከጀርባቸው አለፉ። አንዱ ሲያስነጥስ ግድግዳውን እያዩ «ይማርህ» አሉት።

ልጁ የሞተበት ግቢ አከራይ ምንም ሳልጠይቃት ወጣች። ከቀብር መልስ ክፍል ለክፍል ዞራ፣ ሌላ አንድ ልጅ አግኝታለች። ራሷ አቅፋው መጣች፤ እናቱ ከኋላ ትከተላለች።

በመጨረሻው በር አልሆነልንም። አከራይዋ «ልጅ ካለማ ዛሬውኑ ይውጡ፤ ደንብ ደንብ ነው» አለች፣ ጀርባ ድረስ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ጀርባ ያለችውም ሰማች። «ልጅ የለኝም» ብላ በሯን ዘጋች። ተከራዬ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኦሮምኛ ለመነቻት። አልከፈተችም። እኔም ከአከራይዋ ጋር ተከራከርኩ፤ የመለሰችልኝ የራሴን ቃል ነው፣ ስለ ውሃውና ስለ ሽንት ቤቱ፣ አንድም ሳታጎድል። ጊዜው እየሄደ ነበር። ትተናት ሄድን።

የምስሩን ጆንያ ሊወስድ የመጣው ባለጋሪ ቦረቦሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ጆንያውን ተወውና ልጆቹን ጫነ። አሥራ ሦስት ናቸው። ትንንሾቹ በእናታቸው ጀርባ ላይ፣ ትልልቆቹ ጋሪው ላይ። ብዙዎቹ ፀሐይ ስላልለመዱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለ ባለጋሪው። «ትናንት እዚህ ሰፈር አሮጊት ብቻ ነበር እኮ።»

«ምላስህን ሰብስብና ንዳ» አልኩት።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ነርሷ ቆጠረች፤ ብልቃጡን ከፈተች። አስሩ ሲያልቅ ምንም ሳትናገር ለሦስቱ ሁለተኛውን ከፈተች። ለየልጁ አዲስ ካርድ ተጻፈ። የኤክስቴንሽኗ ልጅ ከቤት ለቤት ዙር ስትመለስ ሰልፉን አየች፣ እናቶቹን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እትዬ፣ የለም ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሻለሁ። ዋሽቼሽ ነው።»

ሣጥኑን ከትከሻዋ አወረደች። «እኔም አልገባሁም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና ካርታው ላይ ረድፋችንን በቀይ ከበበችው። አረንጓዴው ከውስጡ እንዳለ ነው፤ አይለቅም።

ነርሷ አልደበቀችንም። በሽታው አስቀድሞ ከገባባቸው ክትባቱ ላያግደው ይችላል፤ አስራ አራት ቀን ተከታተሉ አለችን። ሽፍታው መጀመሪያ የሚታየው ከጆሮ ጀርባ ነው። በየጠዋቱ ወደ ጀርባ ክፍል እየሄድኩ የልጅቷን ጆሮ ገለጥ እያደረግሁ አየሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እኔን ስታይ አፏን መያዟን አልተወችም። በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ እናቷም እኔም ያን ቀን ምንም አልሠራንም። ክትባቱ ራሱም ትኩሳት ያመጣል ተብለን ነበር፤ የየትኛው እንደሆነ ግን ማን ያውቃል። በአስረኛው ቀን ለቀቃት። ከጆሮዋ ጀርባ የተገኘው የላብ ሽፍታ ብቻ ነው።

ከአሥራ ሦስቱ በሁለቱ ላይ ኩፍኙ ወጣ። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ፤ ዳኑ። ያቺ በሯን የዘጋችው እናት በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቃ ሄደች። አከራይዋ «እንዳልኩት ልጅ ነበራት፤ ሲወጡ አየሁት» አለችኝ። ወደ ወንጂ መንገድ ይሁን ወደ መልካሳ የት እንደገቡ አልተናገሩም። ልጁ ይታመም ይዳን አላውቅም። የሄዱበትም ሰፈር በር ላይ የተቀመጠ ሰው ይኖራል።

በአስራ አራተኛው ቀን ጠዋት የልጅቷን ጆሮ ለማየት ስገባ አልጋው ተፈቷል። ልብሱ በአንሶላ ተቋጥሯል፣ ድስቱና ሳህኑ በሳፋ ተደርጎ በሲባጎ ታስሯል። ልጅቷ ቋጠሮው ላይ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«አስራ አራት ቀን ተባለ እኮ» አለች እናቷ። «እስኪያልፍ ያቆዩኝ መስሎኝ። ዛሬ አለቀ።»

ለካ በየጠዋቱ ስሄድ ቀን እየቆጠርኩባት መስሏት ኖሯል። እኔ ጆሮ አያለሁ፣ እሷ የመውጫዋን ቀን ትጠብቃለች። ቋጠሮው ጫፍ ላይ፣ ከልጅቷ ጎን ተቀመጥኩ።

«ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአስራ አምስት ወሯ ነው» አልኳት። «ካርዷ ያለው እዚህ ነው። ሌላ ሰፈር ብትሄጂ እንደገና ልትደብቂያት ነው።»

«ደንቡስ?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እኔው አንስቻለሁ በያቸው። ሌሎቹ ይጣሉኝ።»

«ከአስራ አምስት ወሯ በኋላስ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩትም ነበር። እንዳላሰብኩት ነገርኳት። አየችኝ፤ እውነቴን መሆኑን ስታውቅ ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችና ሲባጎውን በጥርሷ መፍታት ጀመረች።